«ወንድ ይሁን» ተብላ የተጠራች ልጅ

የመጨረሻዋ ልጄ ስም ኡልቦልሲን ነው። በፎገራ ሜዳ ይህን ስም የተሸከመ ሌላ ሰው የለም፤ ወረታ ከተማም ቢፈለግ አይገኝም። ስሙ የካዛኮች ነው። ካዛኮች ከሩሲያ በታች፣ ከቻይና ወዲህ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ናቸው አሉ። በቋንቋቸው «ኡል» ወንድ ልጅ፣ «ቦልሲን» ይሁን ማለት ነው። ወንድ ልጅ ይሁን። የሚጠሩበት ግን ሴት ልጅን ነው። ስሙ ከእኛ ቤት እንዴት እንደገባና ምን እንዳደረገ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው። አጻጻፌ የጎረበጠው ይለፈው። የሌላውን ሰው ስም አልጽፍም። ያሉትም የሞቱትም ዘመድ አላቸው፤ ዘመዳቸውም ጠመንጃ አለው።

ነገሩ ከጎርፍ ይጀምራል። ርብ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሲወጣ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ውሃው ሲሸሽ ደለል ጥሎ ይሄዳል፤ ደለሉም ድንበሩን ይውጠዋል። መሬትህ የት ጋ እንደሚያልቅ የምታውቁት አንተና ጎረቤትህ ብቻ ናችሁ። ድሮ ለዚህ ማንም አይጋደልም ነበር። ውሃ የተኛበት መሬት የከብት ነው፤ ሣሩን ከብቱ ይበላዋል፣ አለቀ። ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ያ ረግረግ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ፤ ሰውም በስንዝር መተያየት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ደርግ ወደቀ። የፈረሰው ሠራዊት በወረታ መንገድ ሲያልፍ፣ ወታደሩ ርቦት ክላሹን በእንጀራ ይለውጥ ነበር። እናቴ አንዱን በሽሮ ለወጠችው። ጎረቤታችንም አንዱን ለወጠ። የራበው በልቶ ሄደ፤ ጠመንጃው እኛ ዘንድ ቀረ።

ወንድሜ በዕድሜ ያንሰኛል፣ በቁመት ይበልጠኛል፣ ትዕግሥት የሚባል ግን አልፈጠረበትም። ውሃው ሸሽቶ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ በወንዙ ዳር ያለችውን መሬታችንን ልናይ ወረድን። ቦታው ቁሐር ሚካኤል ነው። ጎረቤታችን ቀድሞን ደርሶ መሬታችን ውስጥ የድንበር እንጨት ተክሏል።

«ይህ እንጨት ካቻምናም አምናም እዚህ አልነበረም» አለ ወንድሜ።

«ጎርፍ አምጥቶት ይሆናል» አለ ሰውየው እየሳቀ።

«ጎርፍ እንጨት ያመጣል እንጂ አይተክልም።»

«እንግዲያ ነቅለህ ለጎርፉ መልስለት።»

ወንድሜ እንጨቱን ነቀለና በዚያው እንጨት አፉን መታው። ሰውየው በጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ገባ። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ፤ ጥርሱን ከጭቃው ፈልጎ አነሣና በኪሱ ከተተው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ና እንሂድ» አልኩት ወንድሜን።

«የት ነው የምንሄደው? መሬቴ ላይ ነኝ።»

ጭቃው እስከ ባቱ ውጦት ነበር፤ እሱም መውጣት አልፈለገም። ሰውየው ተመልሶ መጣ። ክላሹን አነጣጥሮ ተኮሰ። አንዱ ጥይት ጭኑን፣ አንዱ ሆዱን አገኘው። ወንድሜ አልወደቀም። እግሩ ስለተያዘ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ቀረ። በጣቶቹ መሐል የሚወጣውን ወደ ውስጥ ለመመለስ ይታገላል። «አያ፣ እግሬን ከጭቃ አውጣልኝ» አለኝ። በጥፍሬ ቆፈርኩ። ውሃው ቀይ ሆኖ የምቆፍረው አይታየኝም። አንዱን እግር አወጣሁ። ሁለተኛውን ሳላወጣ ላዬ ላይ ተደፋ። ሰውየው ጠመንጃውን አዘቅዝቆ እስከ መጨረሻው ቆሞ አየ። ከዚያ ራሱ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፤ ደብረ ታቦር ወኅኒ ገባ።

እናቴ ከል ለበሰች። ደሙ ሳይመለስ ይህን ጥቁር ልብስ አላወልቅም፣ ፀጉሬንም ቅቤ አላስነካም ብላ በለቀስተኛው ፊት ማለች። «ልጄ ሲሞት ‹ደሜን መልሱ› ብሎ ሞተ» ትላለች።

«እንደሱ አላለም። እኔ ነበርኩ። እግሬን ከጭቃ አውጣልኝ ነው ያለ» አልኳት።

«አንተ ጆሮህም ፈሪ ነው!»

በእኛ አገር ገዳዩ ወኅኒ ቢገባም ደሙ ውጭ ይቀራል። ወንድሞች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ መውደቅ አለበት። የሚጥለው ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ግን በደርግ ጊዜ በሰሜኑ ጦርነት ወታደር ነበርኩ። በመንግሥት ትእዛዝ ሰው ገድያለሁ፤ በእናቴ ትእዛዝ አልገድልም አልኩ። ይህን የተናገርኩት ሰው በተሰበሰበበት ነው። ዛሬም ብጠየቅ የምለው ይህንኑ ነው። እናቴ ደረቷን መታች፤ «ከማኅፀኔ አንድ ወንድ ወጣ፤ እሱንም ቀበርኩት!» አለች። ይፋግ ገበያ ስወርድ ሴቶቹ «ወንዶች ወዲህ፣ ቀሚስ የለበሱ ወዲያ» እያሉ ያሳልፉኝ ጀመር። እኔ በርበሬዬን ገዝቼ እመለሳለሁ።

የገዳዩ ወንድሞች ግን አላመኑኝም። አልገድልም ያለው ሰው አንድ ቀን ይነሣል ብለው ይሆናል፣ ቀደሙኝ። አንድ ቀን ማለዳ ስወጣ የምታለበው ላሜ ደጃፌ ላይ ተኝታ ትንፈራገጣለች። የኋላ እግሮቿን ቋንጃ በማጭድ ቆርጠዋታል። ለመነሣት በፊት እግሯ ትንፏቀቃለች፤ ዓይኗ ፈጥጧል። ሚስቴ በዚያው ማለዳ ምጥ ይዟታል። ውስጥ ሚስቴ ትጮኻለች፣ ውጭ ላሟ ትጮኻለች።

ከወረታ የከብት ሐኪም አስጠራን። ገና ወጣት ነው፤ አገሩ ሸዋ፣ ትምህርቱን የተማረው በሶቪየት ጊዜ አልማ አታ በሚባል የካዛኮች ከተማ ነው። ላሟን ዳሰሰና «ጋሼ፣ ይህ አይጠገንም። ይረዷት» አለኝ። አረድኳት። እጄ በደም እንደተነከረ ከቤት ውስጥ እልልታ ሰማን። ለወንድ ሲሆን እልልታው ይረዝማል፣ ለሴት ያጥራል። ያን ቀን አጠረ።

እናቴ ጠመንጃውን ይዛ ከታረደችው ላም አጠገብ ቆማ ነበር። «አራተኛ ሴት» አለችና ምራቋን በደሙ ላይ ተፋች።

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ሊያጽናናት ሞከረ። «እናቴ፣ አይዘኑ። እኔ የተማርኩበት አገር ቢሆን ኡልቦልሲን ብለው ይጠሯት ነበር» አለ።

«ምንድር ነው እሱ?»

«ካዛኮች ለሴት ልጅ የሚያወጡት በጨረቃ ነው፣ በአበባ ነው። አይጉል ይላሉ፤ የጨረቃ አበባ እንደማለት። ሴት በሴት ላይ ሲደራረብባቸው ግን የመጨረሻዪቱን ኡልቦልሲን ይሏታል፣ ወንድ ይሁን። ቀጥሎ የሚመጣውን በእሷ ስም ይለምኑበታል። ልጅ እየሞተ ያስቸገራቸው ደግሞ ቱርሲን ይላሉ፤ ይቆይልን ማለት ነው። እንደኛው ናቸው።»

«ስሙን የሚያወጣው ማን ነው?»

«የቤቱ ትልቅ ሰው። አያት ካለች አያት። ሕፃኑን ታቅፈው ስሙን በጆሮው ሦስት ጊዜ ይነግሩታል።»

«ክርስቲያን ናቸው?»

«እስላሞች ናቸው እናቴ።»

እናቴ ይህን አልወደደችውም። ትንሽ አሰበችና «ዘር ይቆጥራሉ?» አለችው።

«እንዴታ! እንደናንተው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በሰባት ቤት ውስጥ አይጋቡም፤ ሰባት አባቶቹን የማይጠራም እንደ ሰው አይታይም።»

«እንግዲያ ሰዎች ናቸው» አለች እናቴ። ጠመንጃውን ለሐኪሙ አስይዛ ገባች። ሐኪሙ ጠመንጃውን እንደ እባብ ከገላው አርቆ ይዞ ቀረ።

ተከትያት ገባሁ። ሕፃኗን ከሚስቴ እቅፍ አነሣችና በጆሮዋ «ኡልቦልሲን» አለቻት፤ ደገመች፣ ሠለሰች። ሚስቴ ትርጉሙን ስትሰማ አለቀሰች። «እመይቴ፣ ልጄን ለጥይት አይጥሩብኝ» አለቻት። እናቴ ሕፃኗን መልሳ አስታቀፈቻትና ጠመንጃዋን ልትቀበል ወጣች። ካህኑ በሰማንያ ቀኗ የክርስትና ስሟን ሰጧት፤ በዚያ ስም ግን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የጠራት የለም።

ስሙ የለመነው ወንድ መጣ፤ ሞቶ መጣ። እኔ ነኝ የቀበርኩት። ከዚያ በኋላ ሚስቴ አልወለደችም። ሌላ ሰው ቢሆን ስሙ ከሸፈ ይላል። እናቴ ግን ከቀብሩ ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝና «ገባኝ። ስሙ ለሚመጣው አይደለም። ለራሷ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱን ወንድ አድርጋ ያዘቻት። ቁምጣ አለበሰቻት። ፀጉሯን ራሷ ላጨቻት። እህቶቿ ውሃ ሲቀዱ እሷ ከብት ታግዳለች። ከእረኞቹ ጋር ስትደባደብ አፍንጫዋ ደምቶ ከመጣች እናቴ አትጠርግላትም፤ «የእሱስ?» ትላታለች። የእሱ ካልደማ ትመልሳታለች። በክረምት ዶፉ ሲወርድ ሁለቱ ጥግ ይዘው ክላሹን ፈትተው ይወለውላሉ። «አጎትሽ ምን ብሎ ሞተ?» ትላለች እናቴ። «ደሜን መልሱ» ትላለች ልጅቱ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ። እኔ «አላለም» እላለሁ። አንድ ቀን ጠመንጃውን ወስጄ ርብ ልወረውረው አነሣሁት። እናቴ እጄን ነከሰችኝ። አጥንት እስኪነካ አልለቀቀችም። ጠባሳው አውራ ጣቴ ሥር አሁንም አለ። ጠመንጃውን እየተጫነች መተኛት ጀመረች።

ልጅቱ የላም ጥጃ በደንብ የምትገታ ስትሆን ሐኪሙን ወረታ ገበያ አገኘሁት። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ሌላ ዞን ሊዛወር ነው። ነገሩን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ለጠመንጃ አልነገርኳቸውም። እዚያ አገር እንደዚያ የተጠራችው ወንድም ካገኘች፣ ወንድሟን ይዛው የመጣች ናት ተብላ ትከበራለች። ባታገኝም ጠመንጃ የሚያስይዛት የለም» አለኝ።

«ይህንን ለእናቴ ልትነግራት ትመጣለህ?»

«ይቅርብኝ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልመጣም።

ልጅቱ ጉልበቷ በጠናበት ዓመት፣ በእርሻ ወራት፣ ወባ ጣለኝ። ሩዙ ሊዘራ ነው፤ መሬቱ አልታረሰም። በእኛ ዘንድ ሴት እርፍ አትይዝም። ሴት ካረሰች ዝናብ ይሸሻል ይባላል። ልጅቱ በሬዎቹን ጠምዳ ወረደች። ከተኛሁበት ሆኜ «ተይ!» ብዬ ጮኽኩ። «አባዬ፣ አንተ ላብህን ጥረግ» አለችኝ። ከገዳዩ ወንድሞች የአንዱ ልጅ፣ እኩያዋ ነው፣ በዳሩ ላይ ቆሞ ይሳለቅባት ጀመር።

«ወንድ ይሁን! ኧረ ወንድ ይሁን! በሬው አፍሮ እንዳይተኛብሽ!»

እሷ ታርሳለች።

«አባትሽን ቀሚስሽን አልብሰሽው ነው ቁምጣውን የለበስሽው?»

በሬዎቹን አቆመች። እርፉን ለቀቀች። የጅራፉን እንጨት ገልብጣ ይዛ ሄደችና መንጋጋው ላይ አሳረፈችበት። ሲወድቅ ደገመችው። ከዚያ ተመልሳ ትልሟን ጨረሰች። ልጁ አገጩ ተሰብሮ ወደ ደብረ ታቦር ተወሰደ። በማግስቱ ጠዋት የልጁ ወገኖች ቤታችን ላይ ተኮሱ። ጥይቱ የጭቃውን ግድግዳ በስቶ በሚስቴና በምሰሶው መሐል አለፈ፤ ጓሮ የታሰረውን ውሻ ገደለ። ሚስቴ ከፀጉሯ ውስጥ የጭድ ስባሪ እየለቀመች ዋለች።

ሽማግሌዎች ተነሡ። ገዳዩም ወኅኒውን ጨርሶ ሊወጣ ስለሆነ ሳይባባስ ደም እናድርቅ አሉ። እኔ እሺ አልኩ። እናቴም እሺ አለች። እሷ እሺ ስትል ነው የፈራሁት።

ዕርቁ በሚካኤል ደጀ ሰላም ዛፉ ሥር ሆነ። ጠመንጃ ሁሉ ከቅጥሩ ውጭ ይቀመጥ ተባለ፤ ተቀመጠ። ገዳዩ መጣ። ሸብቷል፣ መንምኗል፤ ወንድሜ ያወለቀበት ጥርስ ቦታው ባዶ ነው። እንደ ሥርዓቱ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ፊቱን መሬት ላይ ደፍቶ ተኛ። ድንጋዩን ከላዩ የሚያነሣው የሟች የቅርብ ወንድ ዘመድ ነው። ካነሣው ደሙ ደረቀ፤ ካላነሣው ግን ነገሩ እንዳለ ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ሽማግሌ ዝምድና ይግባበት አሉ። «ያላገባች ልጅ ካለቻችሁ ለገዳዩ እህት ልጅ ትሰጥ። ደም ማድረቂያ ትሁን» አሉ።

እናቴ ተነሣች። «ሴት የለንም። ሦስቱን ድረናል። ይህኛው ወንድ ነው» አለች ወደ ልጅቱ እያመለከተች።

አንዳንዱ ሳቀ። ካህኑ አልሳቁም። «እንግዲህ ድንጋዩን ማን ያነሣል?» አሉ።

ተነሣሁ።

«አንተ ተቀመጥ!» አለች እናቴ። በከሉ ሥር እጇን ከተተች። ክላሹን አወጣችና ለልጅቱ ሰጠቻት። እስከ ዛፉ ድረስ በልብሷ ውስጥ ይዛው ገብታለች። ሰዉ ተርመሰመሰ፤ የገዳዩ ወንድሞች ወደ ቅጥሩ በር ሮጡ። ልጅቱ ጠመንጃውን አቀባበለች። አፈሙዙን ከድንጋዩ በታች፣ በሰውየው ማጅራት ላይ አደረገችው። ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። ጣቷን አየሁት፤ የኔ ጣት ነው፣ አጭርና ወፍራም።

«አጎትሽ ምን ብሎ ሞተ?» ብላ ጮኸች እናቴ።

«ደሜን አላለም!» ብዬ ጮኽኩ። «እግሬን ከጭቃ አውጣልኝ ነው ያለ! አንዱን አውጥቼለት፣ ሁለተኛውን ሳላወጣለት ሞተ!»

«ዋሽቷል! ፈሪ ስለሆነ ነው!»

ልጅቱ ወደ እኔም ወደ እሷም አላየችም። ወደተኛው ሰው ጎንበስ አለች። «አንተ ነበርክ። ምን አለ?» አለችው።

ሰውየው አፉ አፈር ውስጥ ነው። አፈሩን ተፋ። «እግሬን ነው ያለ» አለ። «እግሬን ከጭቃ አውጣልኝ ነው ያለ። ወኅኒም ሳለሁ እሰማው ነበር።»

እናቴን አየኋት። የገደለው ሰው እንዲህ ሲል ፈሪ ልትለው አትችልም፤ ለመዋሸትም ምክንያት የለውም። ‹ደሜን መልሱ ብሏል› ቢል ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ወንድ ገደልኩ ይል ነበር።

ልጅቱ ጠመንጃውን ገለበጠች። ሰደፉን አንሥታ ትከሻው ላይ አወረደችበት። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰማ። ሰውየው ጮኸ፤ ምላሱን ነክሶ ነበርና ከአፉ ደም መጣ። ሁለተኛ አነሣች። «በቃሽ!» አልኳት። አወረደችው ግን መሬት ላይ ነው፤ ሰደፉ ተሰነጠቀ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ አንሥታ ወረወረችው። ድንጋዩ የአንዱን ሽማግሌ እግር ለመምታት ጥቂት ነው የቀረው።

ጭቅጭቅ ሆነ። በዕርቅ ላይ ተመታ፣ ዕርቁ ፈረሰ የሚሉ አሉ። ድንጋዩ ተነሥቷል፣ ጸንቷል የሚሉ አሉ። የገዳዩ ወንድሞች ጠመንጃቸውን ይዘው ከበር ቆመዋል። ሰውየው በደህናው እጁ ተደግፎ ተቀመጠና ደሙን ተፋ። «ተዉአት። ዕዳው የኔ ነው። በቅቶኛል» አለ። ወንድሞቹ ጠመንጃቸውን አወረዱ።

እናቴ ያንን ደም ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከሉን እዚያው፣ በሰው ፊት አወለቀችው። ከሥሩ የለበሰችው ቀሚስ በዕድሜ ብዛት እንደ ወንፊት ሳስቷል። ስታወልቀው እንዲህ ትንሽ ሴት መሆኗን አየሁ።

ሽማግሌው የዝምድናውን ነገር እንደገና አነሡ። ልጅቱ «ድንጋዩን አንሥቻለሁ። ሌላ የምሰጠው የለኝም» አለች። ማንም አልገፋበትም፤ የተሰነጠቀውን ጠመንጃ ገና አልለቀቀችውም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከኋላ እየተጎተተች «ከዛሬ ጀምሮ በሴት ስም እንጥራት። ያ ሐኪም ያለው የጨረቃ አበባ ምን ነበር?» አለች።

«ስም አለኝ እምዬ» አለች ልጅቱ።

«እሱ እኮ ወንድ ይሁን ማለት ነው።»

«ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሲጠሩኝ የምዞረው በሱ ነው።»

በግትርነቷ ማን እንደምትመስል ሚስቴ ነገረችኝ፤ አልጽፈውም።

ውሃው በቀጣዩ ዓመት ሲሸሽ ደለሉ እንደ ልማዱ ድንበሩን ውጦታል። ወረድን። ሰውየው ቀድሞን ደርሷል፤ እንጨት ግን አልተከለም። የድንበር መለኪያ ገመድ ይዞ ቆሟል። ትከሻው ጎብጦ ስለቀረ አንድ እጁ ወደ ላይ አይሄድም። የገመዱን ጫፍ ለልጅቱ ወረወረላት። እሷ ይዛው በጭቃው ውስጥ ወደ ወንዙ ሄደች፣ ባቷ ድረስ እየገባች። እኔ ወንድሜ የወደቀበት ቦታ ላይ ቆሜ አያለሁ። ገመዱ ረገበ። ከገዳዩ ወገን እስከዚያ ቀን ድረስ ስሟን ለስድብ እንጂ ለመጥራት ያነሣው ሰው አልነበረም።

ሰውየው እጁን በአፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። «ኡልቦልሲን! ወደ ቀኝ ሳቢው! ወጥሪው!»

ዞረች። ወጠረችው።